ሁለት ፊደል የጎደለው ሰሌዳ

«መሪጌታ ይርሳው ሞቱ አሉ።»

ወሬውን ያመጣው ከቡሬ የገባ የሚኒባስ ሾፌር ነው። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ይመስለኛል። እኔ ፍኖተ ሰላም፣ ባልትና ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ ዛላ በርበሬ እለቅም ነበር። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ስለሚዘጋ ወሬ ሁሉ የሚደርሰን በመንገደኛ አፍ ነበር። መደንገጥ ሲገባኝ፣ ቢያንስ ተነሥቼ ማማተብ ሲገባኝ፣ ካፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦

«ማን አለ?»

ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሰው ነዋ! ቀብረዋቸው የሚመለሱ ሰዎች አሳፍሬ ነው የመጣሁ። አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

ደህና ነበርኩ። «አሉ» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር «ማን አለ?» ብዬ እንድጠይቅ ያስለመዱኝ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው። የሳቸውን ሞት እንኳ በሳቸው ጥያቄ ተቀበልኩት። ከዚያ ጓዳ ገባሁና ከጆንያ ጀርባ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ባለቤቴ እንጉዳይ፣ በርበሬ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏት ውሃ በጣሳ ይዛልኝ መጣች። ታጠብኩና ነገርኳት። እሷም አጠገቤ ዘጭ አለች፤ ለሷ ውሃ የሚያመጣላት ሰው አልነበረም።

ይርሳው የሚለውን ስም ያወጡላቸው አባታቸው ናቸው። ከሳቸው በፊት ልጅ ሞቶባቸው ኖሮ፣ ሐዘኑን እንዲያስረሳቸው ብለው ነው። ስሙ ለአባትየው ሠርቶ ይሆናል። ለኔ አልሠራም።

መሪጌታ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ያገለግሉ የነበሩ የቅኔ ሰው ናቸው። በትርፍ ጊዜያቸው ሰሌዳ ይጽፋሉ። ብራና ላይ የሰለጠነ እጃቸውን ላሜራ ላይ አሳርፈው ሥጋ ቤቱን፣ ጋራዡን፣ ልብስ ሰፊውን ሁሉ በቁም ጽሕፈት አስውበውታል። ብሩሻቸው ጥምጥማቸው ውስጥ እንደ ወረንጦ ተሰክቶ ይውላል። ጋቢያቸው ጫፍ ላይ የየሱቁ ቀለም ስላለበት የማን ሰሌዳ መቼ እንደተጻፈ ከጋቢያቸው ማንበብ ይቻል ነበር። ከተማው በፕላስቲክ ባነር ሲጥለቀለቅ እንኳ ሥራቸው አልቀነሰም። እንዲያውም ሰው የሚፈልጋቸው ለፊደላቸው ብቻ አልነበረም።

ሰሌዳ ጻፉልኝ ያላቸው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀለም ሳይሆን ምርመራ ነው። ከሱቁ ማዶ ድንጋይ ይፈልጉና ጥላቸውን ዘርግተው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ማን ገባ፣ ማን ሳይገዛ ወጣ፣ የወጣው ሰው ፊቱ ምን ይመስላል፣ ይህን ሁሉ ይቆጥራሉ። ከዚያ ተነሥተው ለባለሱቁ የማይጠብቀውን ይነግሩታል። አንድ ነገር ግን በምንም ተለምነው አያደርጉም።

«ቅጽል አልጽፍም» ይላሉ። «‹ምርጥ› ማለት የበላተኛ ሥራ ነው። የአብሳዩ ሥራ ማብሰል ነው። የሰው ሥራ አትቀማ።»

እኔ ታዲያ ከዚህ ሁሉ ቅጽል በፊት ባገኛቸው ኖሮ ከስንት ጉድ እድን ነበር። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግዢ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬን ለቅቄ ወደ ባለቤቴ አገር ስመለስ የሦስት ቀን የማርኬቲንግ ሥልጠና ወስጄ ነበር። ሦስት ቀን ይበቃኛል ብዬ ማሰቤ ራሱ ስለ ጠባዬ ብዙ ይናገራል። ሰርተፊኬቱን በፍሬም አድርጌ ባልትና ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በርበሬ ምረጥ ብትሉኝ ዛላውን ከቅጠሉ የማልለይ ሰው፣ ባልትና ከፍቼ ባለቤት ነኝ ብዬ በር ላይ ቆምኩ። ሙያው የእንጉዳይ ነው። የኔ አፍ ነው። የሰፈሩ ሴቶች «ወንድ ባልትና ከፈተ፤ ሚስቱ ደግሞ ጋራዥ ትክፈታ» ይሉ ነበር።

ባነሬን ያሳተምኩት እዚያው ባሕር ዳር ነው። ስፋቱ ከሱቁ በር ይበልጣል። ከኢንተርኔት የወረደ፣ ጎጃም ምድር ላይ በቅሎ የማያውቅ፣ እንደ ቀንድ የሾለ በርበሬ ሥዕል አለበት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ዓለም አቀፍ ጥራቱን የጠበቀ፣ መቶ በመቶ ንጹህ፣ ምርጥ በርበሬ አለ!!!» ሦስቱን ቃለ አጋኖ ያስጨመርኩት እኔ ነኝ።

በገበያ ቀን፣ ባጃጆቹ ተራ በሚይዙበት ሰዓት፣ አንድ ጥምጥም ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ከባነሩ ሥር ቆሙ። ጥላቸውን አጥፈው ልክ ዓውደ ምሕረት ላይ እንደቆመ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«‹ምርጥ በርበሬ› አለ።»

ባጃጅ ነጂዎቹ ሳቁ። እኔ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት እንደሌለው ማን አስታውሶኝ! «አለ» ጠብቆ ሲነበብ ዕቃው ይገኛል ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰውዬ ተናገረ ማለት ነው። እሳቸው አላልተው ነበር ያነበቡት።

«ማን አለ?» አሉኝ ዞር ብለው።

«ምኑን?»

«‹ምርጥ በርበሬ› ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ፣ ባለቤቱ!»

«እንግዲያስ ደህና አነበብሁ። ‹ምርጥ በርበሬ› አለ፣ ባለቤቱ። ባለቤቱማ ሌላ ምን ይበል!» እንደገና ቀና ብለው አዩ። «‹ጥራቱን የጠበቀ› ይላል ደግሞ። እስካሁን አልመጣም እንዴ ጥራቱ? በየትኛው መኪና ነው የሚጠብቀው?»

የዚያን ጊዜ ሳቁ እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ደሜ ፈላ። «መሪጌታ» አልኳቸው፣ ጥምጥማቸውን አይቼ ገምቼ፣ «እኔ እኮ የማርኬቲንግ ሰርተፊኬት አለኝ!»

«አለኝ? ማን ነው ‹ሰርተፊኬት› ያለህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው «አቶ አለ» ብሎ ጠራኝ፤ አላልቶ። መሪጌታ ግን በዚያው ሳይሄዱ ሱቁ ገቡና ሩብ ኪሎ በርበሬ እንድትመዝንላቸው እንጉዳይን ጠየቁ። ገና ስትዝቅ ሦስት ጊዜ አከታትለው አነጠሱ። «ይማርዎ» አለቻቸው። «ያኑርሽ ልጄ። በርበሬውስ ደህና ነው። የታመመው ሰሌዳው ነው» አሉ። ባነሬን በእልህ አላወረድኩትም። የክረምት ነፋስ ከ«ምርጥ» ጀምሮ እየገነጠለ ራሱ አወረደው።

እንዲህ በጠብ የተጀመረ ወዳጅነት ጥሩ ነው፤ መኳረፉ ከመጀመሪያው ያልቃል። መሪጌታ ለገበያ ፍኖተ ሰላም በመጡ ቁጥር ከሱቄ ማዶ ባለው ድንጋይ ይቀመጡና ሻይ እናወጣላቸዋለን። ያየሁትን ሥልጠና ሁሉ የሚያስንቅ ትምህርት የሰማሁት እዚያ ድንጋይ አጠገብ ነው።

ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ያለው ሰው ነበር። ደንበኛ ራቀብኝ፣ ትልቅ ሰሌዳ ጻፉልኝ ብሎ ለመናቸው። እንደ ልማዳቸው ማዶ ተቀምጠው ሲያዩት፣ ሰውየው በምሳ ሰዓት ሹልክ ብሎ ጎረቤቱ ምግብ ቤት ገብቶ በላ። መሪጌታ ብሩሻቸውን ከጥምጥማቸው ሳያወጡ ተነሡ። «ሰሌዳ አያስፈልግህም። ከነገ ጀምረህ ምሳህን እቤትህ ብላ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥና ብላ። ስትበላ ስልክ አትንካ» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ግን አደረገው። የራሱን ወጥ ሲበላ ጊዜ ጨው እንደሚበዛው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። ወጥ ሠሪዋን አስተካክይ አላት። ሰውየው ወፈረ፣ ቤቱም ሞላ። ዛሬም ሰሌዳ የለውም።

የምርቃትን ነገር ለኔ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ገዢ «መርቅልኝ» ሲል እኔ ገና ሚዛኑ ላይ ሳለ ጣል አደርግ ነበር።

«ተሳስተሃል» አሉኝ አንድ ቀን። «ሚዛን ላይ የጨመርኸው ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ ልክ የሆነ ነው የሚመስላት። መዝነህ፣ አውርደህ፣ ቋጥረህ፣ ሴትዮዋ ልትሄድ ስትል ቋጠሮውን ፍታና አንድ እፍኝ ጨምር። ያ ነው ምርቃት። እኔ በአፌ እመርቃለሁ፣ አንተ በእጅህ። ያንተው ይበልጣል፣ ወጥ ይሆናላ።»

ቋጠሮ ፈትቶ መጨመር ሞኝነት መስሎኝ ነበር። ሞክሬው ግን አንዲት ሴት እፍኙን አይታ እስከ ልጅ ልጆቼ መረቀችኝ። እፍኟ ያው የድሮዋ እፍኝ ናት፤ የተለወጠው ሰዓቷ ብቻ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የታክሲውን ነው። አንድ ጊዜ ከቡሬ አብረን በሚኒባስ ስንመጣ፣ አንዲት ሴት ከኋላ «ወራጅ አለ!» አለች። ሾፌሩ ወዲያው ቆመ። መሪጌታ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«አየህ? ‹ምርጥ ወራጅ አለ› አላለችም። ‹መቶ በመቶ ወራጅ› አላለችም። መኪና የሚያህል ነገር በሁለት ቃል አቆመች። ለምን ይመስልሃል?»

«እንጃ።»

«ወራጅ ሳይኖር ‹ወራጅ አለ› ብሎ የሚዋሽ ሰው የለማ! በዚህ አገር ያልላላ ‹አለ› የቀረው ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው። አንተም ‹አለ› ስትል ሰው ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ነው መሥራት ያለብህ። ለዚያ ደግሞ አንድ ነገር መልመድ አለብህ።»

«ምን?»

«‹የለም› ማለት። ‹የለም› የማይወጣው አፍ፣ ‹አለ›ው ላልቶ ይቀራል።»

አጨበጨብኩላቸው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ማድነቅ ቀላል ነው። በጥር ወር ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ግን ፈተናው መጣ።

እሜቴ ጥሩዬ የሚባሉ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ያለ ቀበሌ የሚኖሩ የተከበሩ ሴት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሰው ልከው የድግሱን በርበሬ በሙሉ ከኛ ቤት እንዲሆን ጠየቁ። ባልትና ቤት በሩብ ኪሎ አይኖርም፤ የሚኖረው በድግስ ነው። የደረቀው ዛላ አልቆብን ነበር። እንጉዳይ «የለም በላቸው» አለችኝ። እኔ «አለ» አልኩ። ከአንድ ነጋዴ ገና ያልደረቀ አዲስ ዛላ ገዝቼ፣ ሁለት ቀን እንኳ ፀሐይ ሳላስመታው፣ ሳይለቀም አስፈጨሁት።

ያን ሰሞን መሪጌታ መጥተው ነበር። በርበሬው በጆንያ ተደርድሮ ሳለ ሱቁ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙ፣ አላነጠሱም። «ዛሬ አፍንጫዬን ምን ነካው?» ብለው አዩኝ። ጉንፋን ይሆናል አልኳቸው።

ሠርጉ ላይ ካህናቱ ሲበሉ እሳቸውም ተቀምጠው ነበር። ወጡ ቀልቷል፤ አፍንጫ ላይ ግን የሻገተ ጎተራ ይሸታል። የሙሽራው ወገን እንጀራውን በደረቁ በላ። እሜቴ ጥሩዬ ያን ቀን ዳስ ውስጥ ቀና ብለው ሳያዩ ዋሉ አሉ። ይህን «አሉ» ማን እንዳለው ልጠይቅ አልደፈርኩም።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ፍኖተ ሰላም ገባ። በሳምንት ውስጥ የጥርና የየካቲት ድግሶች በሙሉ ጎረቤታችን ወይዘሮ አስናቀች ዘንድ ሄዱ። እንጉዳይ ጠብ አላነሣችም። በመጨረሻ «እስከ መጪው ጥር ድግስ ካልተመለሰልን ዘግተን እናቴ ቤት እንገባለን» አለች። እውነቷን ነበር። ይህ ሱቅ ሲዘጋ የሚጠፋው የሷ ሙያ ነው፤ ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ ታዲያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ባጃጅ ተከራይቼ፣ ሞንታርቦ ጭኜ፣ በርበሬዬ ንጹህ ነው እያልኩ ከተማውን ልዞር። መሪጌታ ሰምተው መጡና ባጃጁ ፊት ቆሙ።

«የላላ ነገር በሞንታርቦ ቢጮህ አይጠብቅም። ጮሆ ይላላል እንጂ። ውረድ፣ በእግር እንሄዳለን።»

«የት?»

«የበደልኸው ሰው ቤት።»

በሙሉ ጨረቃ ልብስ እንዳጣ ሰው እያፈርኩ፣ እንጉዳይ አንድ በአንድ ለቅማ ያዘጋጀችውን በርበሬ ተሸክሜ ተከተልኳቸው። እሜቴ ጥሩዬ መደብ ላይ አስቀመጡን። መሪጌታ አንድ ቃል አልረዱኝም። እኔው ራሴ፣ ዛላው እንዳለቀብኝ፣ የለም ማለት እንደነበረብኝ፣ እርጥቡን እንዳስፈጨሁ ተናገርኩ። እሜቴ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እውነቱን ስለነገርኸኝ እግዜር ይስጥህ» አሉ። «በርበሬህን ግን መልሰህ ውሰድ ልጄ። ሠርግ አይደገም። ልጄን ደግሜ አልድራት፤ ምን ላደርግበት?»

ከዚያ በላይ አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተመልሰን አስፋልቱን ስንረግጥ መሪጌታ «አሁን ሰሌዳ እጽፍልሃለሁ» አሉኝ።

በሳምንቱ ላሜራና ቀለም ይዘው መጡ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋሉ። ሲወርዱ ቀና ብዬ አየሁ። «በርበሬ» ይላል። ፊደሎቹ እንዴት ያምራሉ! ቀጥሎ ግን ሁለት ፊደል የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

«ቀለም አለቀብዎ?»

«አላለቀም። ያች ባዶ የእሜቴ ጥሩዬ ናት። ‹ፍኖተ ሰላም፣ እሱ ዘንድ በርበሬ አለ› ያሉ ቀን እሞላታለሁ።»

«እሳቸው ካላሉስ?»

«ባዶ ትኖራለች። ባዶ ከውሸት አይሻልም?»

እንጉዳይ ከልቧ ሳቀች። ከሠርጉ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከተማው ደግሞ መጫወቻ አገኘ። «በርበሬ ምን?» እያለ የማይገባ አልነበረም። አንዱ «በርበሬ ጠፋ»፣ ሌላው «በርበሬ ነኝ» ብሎ ይሞላታል። ባጃጆቹ ሰፈሩን «ባዶው ጋ» ብለው ሰየሙት። «ባዶው ጋ ወራጅ አለ!» ሲባል እየሰማሁ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሰው ሊጠይቅ ገብቶ፣ ስቆ፣ አፍሮ ሩብ ኪሎ ይገዛል። እንጉዳይ ዛላውን በር ላይ ዘርግታ እያዩ እንዲመርጡ ታደርጋለች። ሱቁ አልሞተም። የድግስ ሰው ግን አንድም አልመጣም።

መሪጌታ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ይመጣሉ። ከሰላምታ በፊት፣ ገና ከሚኒባሱ ሳይወርዱ፣ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይጠይቁኛል።

«አሉ?»

«አላሉም።»

«ይላሉ።»

ይኸው ነበር ሰላምታችን። እንጉዳይ «ሁለት ትልቅ ሰው ቁሞ አሉ አላሉም ይባባላል፤ የሚያይ ሰው ምን ይለናል?» ትል ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ጣራችን አፈሰሰና አንድ ጆንያ ዛላ ረጠበ። ሌላ አልቀረንም። በዚያው ሳምንት የማላውቃት የገጠር ሴት ዝናብ እየመታት ገባች። ለአዲስ ዓመት ዝክር ብዙ በርበሬ ትፈልጋለች።

«በርበሬ አለ?» አለች።

ከጥር ወዲህ የመጣች የመጀመሪያዋ የድግስ ሰው ናት። አፌ «አ» ብሎ ተከፈተ። የረጠበውን ጆንያ አየሁት። ማዶ ያለውን ድንጋይም አየሁት፤ በዝናብ ማንም አልተቀመጠበትም።

«የለም» አልኩ። «የቀረን ረጥቧል፣ አይሆንዎትም። እዚያ ወይዘሮ አስናቀች ዘንድ ይጠይቁ፤ ደረቅ አላቸው።»

ሴትዮዋ የዘነበባትን ነጠላ እየጨመቀች ለረጅም ጊዜ አየችኝና ሄደች። ወይዘሮ አስናቀች ራሷ በድንጋጤ መጥታ «ደንበኛ ላክህልኝ? ምን አስበህ ነው?» አለችኝ። በሳምንቱ ከተማው ስሜን ቀየረልኝ፤ «አቶ የለም» ሆንኩ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ጥምጥማቸው እስኪወልቅ ሳቁ።

«አሁን ተመረቅህ!» አሉ። «ያን ሰርተፊኬት አውርደህ ይኸን ስቀል!»

ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት በመስከረም መግቢያ ነው። ከስተዋል፤ ሳል ይዟቸዋል። ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ እጃቸውን ይዤ ነው ያስቀመጥኳቸው። «አሉ?» አሉኝ። «አላሉም» አልኩ። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። ጥር እየቀረበ ነው።

«እባክዎ ይጻፉልኝና ይለቅ» አልኳቸው። «ሁለት ፊደል ናት።»

«እኔ ብጽፋት ‹መሪጌታ አለ› ነው የሚሆነው። ላላች።»

«እርስዎ ምን ቸገረዎት! የሚዘጋው የኔ ቤት ነው!»

ጮሄባቸዋለሁ። አንድ የታመመ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። አልተቀየሙኝም፤ ወይም ተቀይመው ደብቀውኛል፤ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀስ ብለው ተነሡና ብሩሻቸውን ከጥምጥማቸው አውጥተው ከቀለሙ ጣሳ ጋር መደርደሪያችን ላይ አኖሩት። «ሥራ ሳያልቅ ዕቃ አይነሣም» አሉ። ሚኒባስ ላይ ሲወጡ እንኳ ደህና ግቡ አላልኳቸውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ከዚያ ያ ሾፌር መጣ፤ «ሞቱ አሉ» አለ።

መንገዱ ሲከፈት እኔ ለልቅሶ ሄድኩ፤ እንጉዳይ ሱቁን ጠብቃ ቀረች። ቤታቸው ሰው ሞልቷል። ከደጅ፣ ከካህናቱ ጎን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በሩ ጋ ሆነው የተዝካሩን ነገር ይማከራሉ። የባለቤታቸው እኅት «ጤፉስ አለ፣ ጌሾውም አለ፣ የበርበሬው ነገር ግን ጨንቆኛል፤ ለሳቸው ተዝካር መቼም ያልሆነ ነገር አይቀርብም» አለች።

ከጥጉ፣ ጥቁር ነጠላ ከተከናነቡ አንዲት ሴት ድምፅ መጣ። ወደኔ አላዩም።

«ፍኖተ ሰላም አለ።»

እሜቴ ጥሩዬ ናቸው። የሰሌዳውን ነገር የማያውቅ ሰው አልነበረም። የመሪጌታ የቅኔ ባልንጀራ የሆኑ አንድ ቄስ ከአጠገቤ ተንጠራርተው «እሜቴ፣ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» አሉ።

እሜቴ ተቆጡ። «ምን ይላላል! አለ ብያለሁ፣ አለ ነው! ጎረቤቴን በነሐሴ፣ በዚያ ዝናብ፣ ‹የለም› አላት አሉ። ሲያጣ የለም ያለ ሰው ሲያገኝ አለ ቢል ምን አለበት?»

ልቅሶ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቃችን ደግሞ አሳፈረን፤ ማፈሩም ወደ ለቅሶ ተመለሰ። መሪጌታ ይህን ሳይሰሙ መሄዳቸው ሁላችንንም በአንድ ጊዜ ነው የመታን። እኔ ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ ቀረሁ። የተዝካሩን በርበሬ ለኔ ሰጡ፤ ከኔ ግን የዚያን ሰዓት የሚሰማ ጆሮ አልነበረም።

ስመለስ ሰፈሬ ስደርስ «ባዶው ጋ ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ ወዲያው ቆመ።

መሰላል አወጣሁ። የመሪጌታ ቀለም ላዩ ቆዳ አውጥቶ ነበር፤ ገፍፌ በእንጨት አማሰልኩት። የሳቸውን ብሩሽ ይዤ ወጣሁና «አ»ን ጻፍኩ፤ ቀጥዬ «ለ»ን ጻፍኩ። የሳቸው «በርበሬ» ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኔ «አለ» አጠገቡ ከድግስ እንደወጣ ሰው ዘመም ብሏል። ቢሆንም ሞላ።

ከዚያ መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ማዶ ወዳለው ድንጋይ ዞርኩ። ከስድስት ወር በላይ ስጠየቅ የኖርኩትን ጥያቄ ልመልስላቸው ነበር። እሜቴ ጥሩዬ አሉ፣ ተናገሩ፣ ልላቸው ነበር፤ አላልቼ። ዕንባ ግን ጉሮሮዬን ያዘው፤ ቃሉ ጠብቆ ወጣ።

«መሪጌታ አሉ!»

እንጉዳይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከጓዳ ሮጣ ወጣች። መሞታቸውን ለአፍታ ረስታው፣ ፊቷ ሁሉ በርቶ፣ «የት አሉ?» አለችና ወደ ድንጋዩ አየች።

መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ እኔም አብሬያት አየሁ።